የኦምና የቮልት መለኪያ በዋጋው ብቻ አይታዘዝ

ማንኛውም ባለ ሱቅ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሚዛኑን ያያል፤ ባዶውን ሳለ መርፌው ከዜሮ ላይ ካልቆመም ያስተካክለዋል። ይህን የሚያደርገው ሕግ ስለሚያስገድደው ብቻ አይደለም፤ የተሳሳተ ሚዛን ወይ እርሱን ወይ ደንበኛውን እንደሚጐዳ ከልምድ ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ግን የኤሌክትሪክ መለኪያ ከምንደረድርበት መደርደሪያ ሲደርስ ይቀራል። ሠራተኛው ቴስተር፣ መጽሐፉ መልቲሜትር የሚለው ይህ መሣሪያ ኦምን፣ ቮልትንና አምፔርን የሚመዝን ሚዛን ነው። እኛ ግን ከውጭ አገር ስናዝዘው የምንጠይቀው የአንዱ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ስንት እንደሚገባና ቀለሙ ምን እንደሚመስል ነው። በትክክል ይለካል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የማዘዣ ደብዳቤ በብዙ ዓመት የጽሕፈት ሥራዬ ከአንድ እጅ ጣቶች ቁጥር በላይ አልገጠመኝም።

በበኩሌ ይህ ልማድ መታረም አለበት እላለሁ። ይህንንም የምለው መሐንዲስ ሆኜ አይደለም፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ነጋዴ ቤት የጽሕፈት ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ፋብሪካው ከዕቃው ጋር የሚልከውን የመግለጫ ወረቀት ማንበብ የጸሐፊ ሥራ ነው፤ ወረቀቱም ለሚያነበው ሰው እውነቱን አይደብቅም። ችግሩ አንባቢ ማጣቱ ነው።

ነገሩ የሩቅ እንዳይመስል በየቤቱ ካለው የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀምር። ከምጣዱ ሥር ተጠማዝዞ የተቀመጠው ሽቦ የሚሞቀው ኮረንቲውን ስለሚቃወም ነው፤ ይህ ተቃውሞ ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ሲሆን ስሙ የተወሰደው ሕጉን በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ካወጣው ከጀርመናዊው ከጊዮርግ ኦም ነው። በ220 ቮልት 3500 ዋት እንዲሰጥ የታሰበ ምጣድ፣ ሽቦው 13.8 ኦም ያህል መሆን አለበት፤ የሚስበው ኮረንቲም 16 አምፔር ያህል ነው። ኦሙ ከዚህ ቢያንስ ምጣዱ ከታሰበው በላይ ይስባል፤ ሽቦውና ስፒናውም ቶሎ ይቃጠላሉ። ቢበልጥ ደግሞ ሙቀቱ ያንሳል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እንጀራ ጋግራ በመሸጥ የምትተዳደር ሴት ምጣዷ ለአንድ ሳምንት ቢበላሽባት የሚቀርባት የሳምንት ገቢ ነው፤ ቅሬታዋንም ይዛ የምትመጣው ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ ሸጠላት ባለ ሱቅ ነው።

እንግዲህ ባለ ሱቁ መለኪያውን አውጥቶ ሽቦውን ይለካዋል፤ መለኪያውም 13.8 ያሳያል እንበል። ይህ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል? መልሱ ከመግለጫው ወረቀት ላይ፣ ብዙዎቻችን ከምናልፈው ከአንድ ትንሽ መስመር ውስጥ አለ። በርካሽ መለኪያዎች ወረቀት ላይ ለኦም እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ ይገኛል፤ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 0.8 በመቶ፣ በተጨማሪም 5 አኃዝ። የመጀመሪያው ለሁሉም ግልጽ ነው። ሁለተኛው ግን የመጨረሻዋ ቁጥር በ5 ደረጃ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ልትሳሳት ትችላለች ማለት ነው። የመጨረሻዋ ቁጥር የኦም ዐሥረኛ ከሆነች 5 አኃዝ ግማሽ ኦም ነው። ስለዚህ 13.8 ብሎ ያሳየን መሣሪያ ከ13.2 እስከ 14.4 ድረስ ያለውን ሁሉ ሊል ይችላል። ለምጣድ ሽቦ ይህ ብዙ አያስከፋም፤ ምጣዱ ከ3360 እስከ 3670 ዋት ባለው መካከል ነው ማለት ነው።

በተመሳሳይ ወረቀት ላይ የተለዋዋጭ ኮረንቲውን ቮልት መስመር ስናነብ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። በዚያው ዓይነት መለኪያ ለግድግዳ ኮረንቲ የሚያገለግለው ክልል እስከ 750 ቮልት የሚደርሰው ነው፤ የመጨረሻዋ ቁጥርም አንድ ሙሉ ቮልት ናት፤ የስሕተቱ ወሰን 1.2 በመቶና 10 አኃዝ ተብሎ ይጻፋል። ሲሰላ ከ12 ቮልት በላይ ነው። መሣሪያው 220 ቢል እውነተኛው ቮልት 207 ወይም 233 ሊሆን ይችላል። የምጣድ ኃይል የሚለወጠው በቮልቱ ልክ ሳይሆን ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ስለ ሆነ፣ በ207 ቮልት ያው ምጣድ 3100 ዋት፣ በ233 ቮልት ደግሞ 3900 ዋት ያህል ይሰጣል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ነው፤ በምጣዱ ላይ ያለው ልዩነት ግን ሩብ ያህል ነው። በንጽጽር ለመናገር፣ ጥቂት ዋጋ በተጨመረበት መለኪያ ወረቀት ላይ ለዚሁ ለተለዋዋጭ ቮልት 1 በመቶና 3 አኃዝ፣ የመጨረሻዋም ቁጥር የቮልት ዐሥረኛ ሆና ብትገኝ ስሕተቱ ከ2 ቮልት ተኩል አያልፍም።

ይህ ልዩነት በባለ ሱቅና በደንበኛ መካከል የሚነሣውን ክርክር የሚፈታ ነው። ምጣዱ አይሞቅም ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሽቦው የተበላሸ ሆኖ አይደለም። ብዙ ቤት በአንድ ሰዓት በሚያበስልበት ጊዜ ቮልቱ 190 ቢወርድ፣ የ3500 ዋቱ ምጣድ 2610 ዋት ብቻ ይሰጣል። ሽቦው ደኅና፣ ሸክላው ደኅና፣ ሊጡም ደኅና ሆኖ ሳለ እንጀራው ይበላሻል። ባለ ሱቁ ይህን ሳያውቅ ሌላ ምጣድ ይለውጣል፤ አዲሱም እንደዚያው ይሆናል፤ በመጨረሻው ደንበኛዋ ሌላ ሱቅ ትሄዳለች። በትክክለኛ መለኪያ ምጣዱ በሚሠራበት ጊዜ፣ ከሚሠራበት ቤት፣ ቮልቱ ቢለካ ግን ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በአምስት ደቂቃ ይታወቃል። ምጣዱ ሳይበራ የሚለካ ቮልት ለዚህ ነገር አይጠቅምም፤ ቮልቱ የሚወርደው ሸክሙ ሲመጣ ነውና።

የርካሹ መለኪያ ትልቁ ድክመት ግን በትንንሽ ኦም ላይ ይታያል። እዚህ ላይ ግማሽ ኦም የሚሳሳት መሣሪያ ፈጽሞ አይረባም። አንድ የላላ ሶኬት በመገናኛው ላይ ግማሽ ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ ምጣዱ ሲበራ ወደ 8 ቮልት ይበላል፤ ከ110 ዋት በላይ ሙቀትም በዚያች በአውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ይከማቻል። ፕላስቲኩ የሚጠቁረውና የሚቀልጠው፣ ሲብስም ቤቱ በእሳት የሚያያዘው በዚህ ነው። ያንኑ ሶኬት በርካሽ መለኪያ ብንለካው 0.5 ያሳየን ይሆናል፤ ነገር ግን የመሣሪያው ሁለት ገመዶች ራሳቸው ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም ስለሚደርሱ፣ ደኅናውም ሶኬት እንዲሁ ያሳየናል። ደኅናውንና የሚያቃጥለውን የማይለይ መለኪያ ለምን ይጠቅማል?

ለዚህ የሚሆነው ዘዴ ቀላል ነው። ከመለካት በፊት የሁለቱን ገመዶች ሹል ጫፎች አጋጥሞ የሚታየውን ቁጥር መመዝገብና ከውጤቱ መቀነስ ነው። ይህን ራሱ የሚያደርግ ቁልፍ ያለባቸው መለኪያዎች አሉ፤ ስናዝዝ ልንጠይቀው ይገባል። ከዚህም ለሚያንሰው አራት ገመድ ያለው የሚሊ ኦም መለኪያ አለ፤ በሁለቱ ገመዶች የታወቀ ኮረንቲ ይልካል፣ በሁለቱ ቮልቱን ያነባል፤ የገመዱ ተቃውሞም ከሒሳቡ ይወጣል። ይህ ለሞተር ጠምጣሚዎችና ለትልልቅ ጋራዦች እንጂ ለሁሉ አያስፈልግም።

የትንንሽ ኦም ስሕተት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከባሕር ማዶ ንግድ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካና በአውሮፓ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ገዢው ራሱ እየጠመጠመ የሚሠራበት ልማድ አለ። ሽቦው ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 1 ኦም ነው። ሞልቶ 4.2 ቮልት በሚሰጥ የሊቲየም ባትሪ ላይ እውነተኛው 0.2 ኦም የሆነ ሽቦ 21 አምፔር ይስባል። መለኪያው የገመዱን 0.2 ኦም ደምሮ 0.4 ብሎ ቢነግረው ግን ሰውየው የሚስበው 10 አምፔር ተኩል ብቻ ነው ብሎ ያስባል። ባትሪው 15 አምፔር ብቻ እንዲችል የተሠራ ከሆነ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ያውም ከሰው ፊት አጠገብ። ከዚህ የተነሣ በዚያ ገበያ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ የኦም መለኪያ ይሸጣል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይህን ሲጋራ ማስመጣትና መሸጥ የተከለከለ ስለ ሆነ ዕቃው እኛን አይመለከተንም፤ ሒሳቡ ግን ይመለከተናል። ስሕተቱ ሰውን ወደሚያዘናጋው ወገን ማጋደሉ ነው አስከፊው።

ስለ ሽቦው ራሱ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም፤ በሜትር የሚሸጡ ብዙ አንባቢዎች አሉንና። ወደ ገበያ የሚመጣው የማሞቂያ ሽቦ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ በ1906 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኘበት ኒክሮም፣ የኒኬልና የክሮም ቅልቅል ነው፤ ሁለተኛው በካንታል ስም የሚታወቀው የብረት፣ የክሮምና የአሉሚኒየም ቅልቅል ነው። ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኒክሮም በሜትር 1.4 ኦም ያህል ሲኖረው፣ ካንታል ከሚባሉት አንዱ 1.85 ያህል አለው። ለዚያ ለ13.8 ኦም ምጣድ ከፊተኛው 10 ሜትር፣ ከኋለኛው 7 ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። የኒክሮሙን ርዝመት የለመደ ሠራተኛ 10 ሜትር ካንታል ቢዘረጋ ምጣዱ 2600 ዋት ብቻ ይሆናል። ውፍረቱም እንዲሁ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠው ሽቦ 0.95 ቢሆን ኦሙ በ11 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሁለቱን ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይበቃል፤ ካንታልን ይስበዋል፣ ጥሩውን ኒክሮም አይስበውም። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር ቆርጦ በትክክለኛ መለኪያ መለካት ነው። የማሞቂያ ሽቦ ሲግል ኦሙ የሚጨምረው በጥቂት መቶኛ ብቻ ስለ ሆነ ቀዝቃዛውን መለካት ለንግድ ሥራ በቂ ነው። በአሮጌው የመብራት አምፑል ግን እንዲህ አይደለም፤ የ100 ዋቱ አምፑል ሲበራ 484 ኦም ሲሆን፣ ጠፍቶ ሲለካ የዚያን ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ ምክንያት መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ የሚመልስ ደንበኛ ቢመጣ አትቈጡት፤ አስረዱት።

የመለኪያው የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ርካሾቹ መሣሪያዎች ከእውነቱ በላይ ያነባሉ። ይህን ለገዢው መንገር ምንም ወጪ የለውም።

የትክክለኛነት ነገር ይህን ያህል ከሆነ የደኅንነት ነገር ይብሳል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በቁጥር 61010 ባወጣው ደረጃ መሠረት መለኪያዎች ካት በሚል ምልክት ይመደባሉ። ካት 2 ከሶኬት ላይ ለሚሰካ ዕቃ፣ ካት 3 በቤትና በፋብሪካ ውስጥ ላለ የማከፋፈያ ሰሌዳ፣ ካት 4 ኮረንቲው ወደ ሕንጻው ለሚገባበትና ለቆጣሪው ነው። ከማተሚያ ቤት ምልክቱን ማሳተም ቀላል ስለ ሆነ፣ ምልክቱ መኖሩ ብቻ አያስተማምንም። ጀርባውን መክፈት ያስፈልጋል። ውስጡ አሸዋ የተሞላበት የሸክላ ፊውዝ ያለበት መሣሪያ ለከባድ ኮረንቲ ታስቦ የተሠራ ነው፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች የብርጭቆ ፊውዝ ያለበት ካት 3 ነኝ ቢል አይታመንም። በ10 አምፔሩ ቀዳዳ አጠገብ ፊውዝ የለውም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለባቸውም አሉ፤ እነርሱ ቢያንስ እውነቱን ይናገራሉ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ጋራዦቻችን የሚነኩት ባትሪ የ12 ቮልት ብቻ ሳይሆን ከ300 ቮልት በላይ የሆነ ቀጥተኛ ኮረንቲም ነው። ለዚህ ሥራ እስከ 1000 ቮልት በካት 3 የተመደበ መለኪያ ያስፈልጋል። የርካሹን መለኪያ ገመድ ይዞ እንዲህ ያለ ባትሪ የሚነካ ወጣት መካኒክ ዕቃውን የገዛው ከእኛ ነው።

ስለ ቀለም ቀደም ብዬ ጠቅሻለሁና በዚያ ላይ ደግሞ አስመጪው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስፓርክፈን የተባለ ኩባንያ ያስመጣቸው 2000 መለኪያዎች ቢጫ ጠርዝ ስላላቸው ብቻ በጉምሩክ ተያዙ፤ ጥቁር ፊት በቢጫ ጠርዝ የፍሉክ ኩባንያ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነበረና። ኋላ ፍሉክ ራሱ በምትኩ የራሱን መለኪያዎች በስጦታ ሰጣቸው። እንዲህ ያለ ቸርነት ለሁሉም አስመጪ አይደርሰውም።

ገበያው የሚፈልገው ርካሹን ነው የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። መልሱ ከፊሉ እውነት ነው፤ የባትሪ ድንጋይ መሞቱንና አለመሞቱን፣ ሽቦ መበጠሱንና አለመበጠሱን ለማየት ርካሹ መለኪያ ይበቃል፤ ከመደርደሪያችን ይጥፋ አልልም። የምቃወመው ያንኑ መሣሪያ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደ ሥራ ዕቃ አድርጎ መሸጥን ነው። ገዢው ርካሹን የሚመርጠው ሁለቱን የሚለይበት ነገር ስለማናሳየው ነው። በሁለቱ መለኪያዎች አንድ የታወቀ ሬዚስተር ፊቱ ላይ ብንለካለት፣ ሠራተኛ እጁ የሚበላበትን ዕቃ መምረጥ አያቅተውም። ደግሞም ለሁለቱም የምንከፍለው በጭንቅ የሚገኘውን የውጭ ምንዛሪ ነው፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ከሚጣል ሺሕ መለኪያ፣ ዓመታት የሚያገለግል መቶ መለኪያ ለአገርም ለነጋዴም ይሻላል።

ንግድ ምክር ቤታችን በዚህ ረገድ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ወጪ የለውም። የ0.1፣ የ1፣ የ10 እና የ100 ኦም ትክክለኛ ሬዚስተሮችና በአገራችን የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የተረጋገጠ አንድ ጥሩ መለኪያ በጽሕፈት ቤቱ ቢያስቀምጥ፣ አባላት ከሚያስመጡት እያንዳንዱ ጭነት ጥቂት እያመጡ ሊያመሳክሩ ይችላሉ። ቮልቱንም በዚያው በተረጋገጠው መለኪያ ማወዳደር ይቻላል። ባለ ሱቅ ደግሞ ስሕተቱ ከ1 በመቶ የማያልፍ የ10 ኦም ሬዚስተር ገዝቶ ከሚዛኑ አጠገብ ቢያስቀምጥ ለዕለት ሥራው ይበቃዋል።

እኛም በመሥሪያ ቤታችን ማዘዣ ላይ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አራት ነጥብ እንጽፋለን፤ የኦምና የተለዋዋጭ ቮልት የስሕተት ወሰን በቁጥር እንዲገለጽ፣ የፊውዙ ዓይነትና መጠን እንዲጻፍ፣ የካት ምደባው ከመረመረው ላቦራቶሪ በተሰጠ ወረቀት እንዲደገፍ፣ ከጭነቱ በዕጣ የሚወጡ 5 መለኪያዎች ከወሰኑ ቢያልፉ ላኪው ጭነቱን እንዲረከብ ወይም ዋጋውን እንዲቀንስ። ከጻፍንላቸው ሦስት ላኪዎች አንዱ ሁሉንም ተቀብሎ ዋጋውን ጥቂት ጨመረ፤ ሁለተኛው በፊውዙ ላይ ብቻ ተከራከረ፤ ሦስተኛው፣ ዋጋው ከሁሉ የረከሰው፣ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠንም።